ሳይደርቅ ደረቀ የተባለው ፏፏቴ

አቶ ወዬሳ በአስኮ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመው ዘወር ቢሉ፣ ሳምንት ሙሉ የሸሿት ልጅ ከኋላቸው ቆማለች። ሌሊሴ ናት። ቱሪዝም ተምራ የአስጎብኚ ማኅበራቸው ጸሐፊ ከሆነች ወዲህ ዕረፍት ነስታቸዋለች። እሳቸው ከቡራዩ ማዶ ያለውን የጋራ ጉሬን ደን ሠላሳ ዓመት ያስጎበኙ አንጋፋ ናቸው።

«እንደምን አደሩ ጋሼ ወዬሳ? ከሰዓት ስብሰባ አለን። የሚያውቁትን መዝገቡ ላይ ያስፍሩልን።»

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አሉ። ምናለ ብትተዪኝ ልጄ?»

«አልተውዎትም! ወረቀት የያዘውን ባይለቅ ደስ ይለኛል። ሌላው አንጋፋችን ጋሽ ነገሬ ሲያርፉ፣ ስለ ወፎቹ ማደሪያ ያላቸው ዕውቀት አብሯቸው ተቀበረ።»

«ታዲያ እግሬ የነቃበትን ዕውቀት ትናንት ለመጣ ሁሉ ላድል? ሁሉ ካወቀማ እኔን ማን ይፈልገኛል?»

ይህ የአቶ ወዬሳ ብቻ በሽታ አልነበረም። በማኅበሩ አንጋፋው ደህና ደህናውን ስፍራ ለራሱ ይደብቃል፤ ለአዲሱ የተሳሳተውን ይነግራል። ይህን ጉድ ብልጠት ይሉታል።

«አሁንስ ማን ፈለገዎት?» አለች ሌሊሴ። ሰልፈኛው ዞሮ አያት። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ እውነቱን ግን ይስሙ። እንግዶች የሚያመጣልን አስጎብኚ ድርጅት አምና ከጥር ጀምሮ እንግዶቹን ወደ ሌላ ስፍራ ወሰደ። ዛሬ ለሚመጣው ተወካዩ አንድ የሚታመን መልስ ካልሰጠን ድርጅቱ ጨርሶ ይተወናል፤ ማኅበሩም ይዘጋል።»

«ለምን ሲባል?»

«የደኑ ፏፏቴ በበጋ ይደርቃል ብሎ አዲሱ አስጎብኚያችን ደሜ ነገራቸው። የካቲት ላይ ሄጄ አይቼዋለሁ፤ እንደ ጉድ ይወርዳል! ብነግራቸው ‹አንዳችሁ ደረቀ፣ አንዳችሁ አልደረቀም ትላላችሁ፤ ማንን እንመን?› አሉኝ። ደሜም ከማን እንደሰማው አልናገርም አለ፤ ታላቅ አላሳጣም ብሎ።»

አቶ ወዬሳ ቀስ ብለው፣ «እኔ ነኝ» አሉ። «ስፍራዬን እንዳይሻማኝ ብዬ ዋሸሁት።»

ታጽናናኛለች ብለው ነበር። ከየት መጥቶ!

«እንግዲያው ለደሜ ይንገሩት፤ በስብሰባው ፊት።»

«በስተርጅና ልታዋርጂኝ?»

«ያዋረደዎት ውሸቱ ነው! እንግዶቹ የሄዱበት ስፍራ ከእኛ የተሻለ ደን የለውም፤ አይቼዋለሁ። የዚያ አስጎብኚዎች ግን የሚያውቁትን አንድ ላይ አስቀምጠዋል። እንግዳው ማንንም ቢጠይቅ መልሱ አንድ ነው፤ አዲሱም አንጋፋው ካቆመበት ይቀጥላል። እኛ ሰው በሞተ ቁጥር ከዜሮ እንጀምራለን።»

ታክሲው መጣ። አቶ ወዬሳ ፊታቸውን አዙረው ገቡ።

ከሰዓት በማኅበሩ ጠባብ አዳራሽ፣ የድርጅቱ ተወካይ በተቀመጠበት፣ አቶ ወዬሳ ማንም ሳይጋብዛቸው ተነሡ።

«ፏፏቴው በጋም ክረምትም ይወርዳል። ይደርቃል ያልኩት እኔ ነኝ። ደሜ፣ ይቅር በለኝ።»

ጉምጉምታው አዳራሹን ሞላው። ሌላው አንጋፋ አስጎብኚ፣ የዕድሜ አቻቸው አቶ ጋዲሳ፣ ከወንበራቸው ሆነው የአቶ ወዬሳን እጅጌ ጎተቱ። «ተው እንጂ ወዬሳ! ሁሉን ሰጥተህ ነገ ምን ልትበላ?»

አቶ ወዬሳ እጃቸውን መነጨቁ። «እስከ ዛሬ ደብቄ ምን በላሁ?» ብለው ጮኹ። «ጻፊ ሌሊሴ!»

ሌሊሴም ጻፈች፤ መንገዱን፣ የዛፉን ስም፣ ውሃው በየወሩ የሚሆነውን። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ማለት ይኸው ነው። በጥር እንግዶቹ ተመለሱ፤ ደሜ ሲመራቸው የሚጠይቁትን ሁሉ ሳያወላውል መለሰ። አቶ ወዬሳም የአዲሶቹ አሠልጣኝ ሆኑ።

አቶ ጋዲሳ ግን እስከ መጋቢት አኮረፉ። ከዚያ አንድ ቀን መጥተው ሌሊሴ ፊት ተቀመጡና፣ «እሺ፣ ጻፊ» አሉ። «ደኑ ውስጥ አንድ ነው ያልኳችሁ ዋሻ ሁለት ነው።»