ጣሪያ ላይ የወጣው ምንጣፍ

ግመል በሚያቀልጥ ሙቀት ሳውዲ ውስጥ ከኾበር ወደ ደማም በታክሲ ስንሄድ፣ ከፊቴ የተቀመጡ ሁለት የአገሬ ሴቶች ያወራሉ።

«የምትጠብቂያቸው አሮጊት ከሆስፒታል ወጡ?»

«ወጡ። ሐኪሙ ድጋሚ ከወደቁ አይነሱም ብሏል። ያደናቀፋቸውን የኮሪደር ምንጣፍ ጠቅልዬ ጣሪያ ላይ አወጣሁት።»

«ማዳም ዝም አለችሽ?»

«እንግዳ ይመጣል፣ መልሺው አለችኝ። የመውጫ ኹሩጅ አስመትተሽ አገሬ ላኪኝ እንጂ አልመልስም አልኳት።»

«አብደሻል።»

«ለሱብሂ ሶላት ሊታጠቡ ሲነሱ እኔን ለመቀስቀስ ያፍራሉ እኮ። በጨለማ ግድግዳ እየዳበሱ ነው የሚሄዱት። አሁን ከአዛኑ በፊት ተነስቼ በራቸው ላይ እጠብቃቸዋለሁ።»

«አንቺ፣ ማተብሽን አስረሽ?»

«አዎ። አንዳንድ ቀን ሙአዚኑንም የምቀሰቅሰው እኔ ሳልሆን አልቀርም።»

«እንግዶቹስ?»

«ምንጣፍ ካማራቸው ጣሪያ ላይ ይቀመጡ።»

እኔ ግን ለእናቴ ደሴ የላክሁት፣ ውፍረቱ ፍራሽ የሚያህለው ምንጣፍ ትዝ አለኝና ስልኬን አወጣሁ።