የጅዳዋ ጎረቤት

– ሄሎ... አዎ እማዬ፣ ራቢዓ ነኝ። ... ሳን ሆዜ፣ ሌይላ ቤት ነኝ። ከላብራቶሪ፣ ከሥራ በቀጥታ መጣሁ። ... ቆይ፣ ዕቃ እያጠብኩ ነው፣ እጄ ሳሙና ነው። ስፒከር ላይ ላድርግሽ። ... አሁንስ ትሰሚኛለሽ?

– መኝታ ቤት ጋደም ብላለች። እግሯ አብጧል። ... ዘጠነኛ ወሯ እኮ ነው፣ ያብጣል። ... ሙሰብ ኦክላንድ ኤርፖርት ሰው ሊያደርስ ሄዷል። ... ያው ነው። ሰላም ይላታል፣ ይበላል፣ ሶፋ ላይ ይተኛል። ... እኔ ምን ልበለው? እህቴን እመናት ብዬ ልለምነው?

– ስሚኝማ፣ ያንቺ የደም ምርመራ ሪዛልት መጥቷል። ... ዱዓውን ቆይተሽ ታደርጊያለሽ፣ መጀመሪያ ስሚኝ። ኔጌቲቭ ነሽ። የለብሽም።

– አልሃምዱሊላህ፣ አዎ። ግን አስቢው። ሌይላ ቫይረሱ አለባት። አንቺ የለብሽም። እኔና ወንድሜ ሙሀሲን የለብንም። ባሏም የለበትም። ታዲያ ከየት አመጣችው?

– ኤችአይቪ አይደለም፣ ስንቴ ልንገርሽ? ኤችቲኤልቪ ነው፣ ሌላ ቫይረስ ነው። ከመቶው ዘጠና አምስቱ ሰው ምንም ሳይሆን፣ እንዳለበትም ሳያውቅ አርጅቶ ይሞታል። መተላለፊያው ግን ይመሳሰላል። በደም፣ በወሲብ... እሺ፣ ‹በባልና ሚስት›። ይኸው አስተካከልኩት። ሙሰብም ዝም ያለው ለዚህ ነው። እኔ ከሌለብኝ ከማን ነው እያለ ነው። አፍ አውጥቶ አልተናገረም እንጂ።

– ስህተት አይደለም። እኔም መጀመሪያ ስህተት ነው ብዬ ነበር። አምና መስጊድ ደም የሰጠች ጊዜ የተደረገው ምርመራ ብዙ ጊዜ በሌለበት አለ ይላል። ሥራዬ ነው፣ ሁሌ አየዋለሁ። ለዚህ ነው በሌላ ዘዴ የሚደገመው። ተደገመ፣ ያው ሆነ። ... እዚህ አገር እኮ ብርቅ ነው። ከስንትና ስንት ሺህ ደም ሰጪ አንድ ሰው ቢገኝ ነው።

– ከዚያ የማውቃቸው የምርምር ሰዎች፣ ሌይላ ፈቅዳ፣ ቫይረሱን ራሱን፣ ዲኤንኤውን አነበቡት። ዛሬ ጠዋት ነገሩኝ። የምዕራብ አፍሪካ ነው። ... ቫይረሱ፣ እማዬ። ሌይላማ ያንቺ ናት።

– እንዴት አወቁ? ... ሌላው ቫይረስ በየጊዜው መልኩን ይቀያይራል። ይሄኛው ሴል ውስጥ ቁጭ ይልና ሴሉ ለሁለት ሲከፈል አብሮ ይከፈላል። ስለዚህ እምብዛም አይለወጥም። ደቡብ ጃፓን ያለው የራሱ መልክ አለው። ካሪቢያን ካለው ከፊሉ በባርነት ከተጫኑት ሰዎች ጋር ባሕር የተሻገረ ነው። ከእናት ወደ ልጅ፣ ከዚያች ልጅ ወደ ልጇ፣ በጡት እየተላለፈ በሺህ የሚቆጠር ዓመት መጥቷል። አንብበሽው የማን ወገን እንደሆነ...

– ሄሎ? እማዬ? ... ተቋረጠ እንዴ? ... ታዲያ ምነው ዝም አልሽ? በጡት ስል ነው ዝም ያልሽው።

– እሺ... ጅዳ በነበራችሁ ጊዜ። ... ሌይላ ሦስት ወሯ። ... አንቺ ታይፎይድ ይዞሽ ሆስፒታል። ... እና ማን አጠባት? ... የቷ ሐዋ? ... ጎረቤትሽ። ... ከካኖ? ናይጄሪያ?

– ቆይ። ልቀመጥ።

– ለሐጅ መጥታ እዚያው የቀረች። እሺ። ... ከዳንሽ በኋላም? ... ወተትሽ ደርቆ። ... ቆማ እስክትሄድ ድረስ።

– አይ፣ አልተቆጣሁም። ... እማዬ፣ ጠዋት ሰውየው ስክሪኑ ላይ አሳይቶኛል። እንደ ዛፍ ነው፣ ቅርንጫፍ ቅርንጫፍ አለው። የሌይላን ናይጄሪያና ጋና መሀል አስቀምጦታል። ሳቅኩበት። ተሳስታችኋል፣ እኛ የወሎ ሰዎች ነን አልኩት። ... አንቺ ሠላሳ ዓመት ትንፍሽ አላልሽም። ቫይረሱ ግን ደሟ ውስጥ ቁጭ ብሏል። የሐዋ እናት፣ የእናቷ እናት፣ ማንም ስማቸውን የማያውቃቸው ሴቶች፣ አንዷ ልጇን ታቅፋ፣ ሌላዋ ታቅፋ... እኔ እንዲህ ዓይነት ነገር አይገርመኝም፣ ታውቂኛለሽ። ክንዴን ብታይው ፀጉሬ ቆሟል።

– ግን ለምን ደበቅሽ? ያጠባች እናት ናት፣ ልጆቿም ወንድምና እህት ናቸው፣ ጋብቻ የለም ብለሽ ያስተማርሽን አንቺ ነሽ። ... አገር ከለቀቅን ማን ያገናኘናል ብለሽ። ... አይ፣ እሱ ብቻ አይደለም።

– ... እሺ። ... ከሆስፒታል ስትወጪ ልጅሽ አንቺን አይታ አለቀሰች። ፊቷን ወደ ሐዋ አዞረች። ... ገባኝ፣ እማዬ። ገባኝ አልኩሽ።

– ለሌይላ አትንገሪ? እንዴት አል...

– ሌይላ! ከመቼ ጀምሮ ነው የቆምሽው? ... ነይ፣ ወንበር ያዢ።

– እማዬ፣ በሩ ላይ ነበረች። ስፒከር ላይ ነሽ፣ ነግሬሻለሁ። ... አላለቀሰችም። ሆዷን ይዛ እያየችኝ ነው። ... ምን አልሽ ሌይላ? ድምፅሽ አይሰማትም። ... በየረመዳኑ ዱዓ ስታደርጊ ከአያቴ ቀጥሎ የምትጠሪያት ሐዋ እሷ ናት ወይ እያለችሽ ነው። ... እኛ እኮ የሞተች አክስትሽ ትመስለን ነበር። ... መልሺላት፣ እኔን ተይኝ።

– ... ሰማሽ ሌይላ? እሷው ናት።

– አይ፣ ልጁን አታጠባም። ... ፎርሙላ ይጠጣል፣ ሞልቷል። ረዘም አድርጋ ካጠባችው ከአራት አምስት ልጅ አንዱን ይይዛል። ... ኧረ ሐዋን ማን ወቀሳት? ባታጠባት ኖሮ ሌይላ የለችም። እሷ አላወቀችም፣ ሌይላ ታውቃለች። በቃ።

– ቆይ አንዴ። ሙሰብ ጋ እየደወለች ነው። ... ከመጀመሪያው ነው የጀመረችለት። እናቴ ጅዳ ታማ ነበር እያለችው ነው። ... እሱ የሚለው አይሰማኝም፣ ስልኩን በጆሮዋ ነው የያዘችው። ... ቆይ አልኩሽ።

– ተቀመጠች። ... እየሳቀች ነው መሰለኝ። ... ምን አለ ሌይላ? ... እማዬ፣ ልበሺ። ኤርፖርቱን ጨርሷል፣ አንቺን ይዞ ሊመጣ ነው። ... አዎ፣ ሙሰብ፣ ራሱ ነው ያለው። ... ምግብ ተይው። ታች ወርደሽ ጠብቂው፣ ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ መኪና ማቆሚያ አያገኝም።

– የሐዋን ልጆች ስምና የሰፈሩን ስም እያሰብሽ ነይ። እነሱም ቢመረመሩ ጥሩ ነው። ... አይደለም፣ ለምርመራው ብቻ አይደለም። ሌይላ ስንት ወንድም እንዳላት ማወቅ ትፈልጋለች።

– ምን ብዬ ላውራው? ... መኪናው ውስጥ አንድ ሰዓት መንገድ አለሽ። ስለ ቫይረሱ እኔ እነግረዋለሁ። አንቺ ስለ ሐዋ ንገሪው። ... እሺ፣ ዘጋሁት።