መርፌው ጨጓራ ጋ አይደርስም

አይ ጋሼ ቹንሺክ፣ መርፌውን አልሰረቅኩም። ወሰድኩት። ይለያያል። ኪሴ ውስጥ ነው፣ አልመልስም። ተናገሪ ብላችሁ አቁማችሁኛል፣ እንግዲህ ስሙኝ።

ክቡራትና ክቡራን፣ ለስንብት ምሳው አመሰግናለሁ። ትምህርቴን ጥዬ ስመጣ የቶንግዮንግ ከተማ ምግብ ቤት ሁሉ ፊቱን ሲያዞርብኝ እናንተ ሽርጥ ሰጣችሁኝ። ሰሀን ሰበርኩ፣ ጋሼ ጮሁብኝ፣ መልሼ ጮህኩባቸው። ተቻችለናል። ይኸው ቡሳን ከተማ ሥራ አግኝቼ ልሄድ ነው።

አሁን ወደ እትዬ ኦክቡን። ዋናዋ ወጥ ሠሪያችን ቅድም ሆዳቸውን ይዘው ሲያጎነብሱ ምን አላችሁ? "ምግብ አልወርድ ብሏቸው ነው፣ ጣታቸውን ውጉላቸው።" ሁልጊዜ ይኸው ነው። አውራ ጣት በክር ይታሰራል፣ ጥፍሩ ሥር በዚህ መርፌ ይወጋል፣ ጥቁር ደም ጠብ ይላል። "ይኸው ወጣልዎት!" እሳቸውም ያገሱና ወደ ምድጃቸው።

ትናንት የሚሱክን ጣት አስሬ ወጋሁት። ይቺ አስተናጋጃችን ድንጋይ ብትበላ ይፈጭላታል። ደሟ ጥቁር ነው።

"እኔም ታምሜያለሁ ማለት ነው?" አለችኝ።

አይ የኔ ቆንጆ፣ ታስረሻል ማለት ነው። የታሰረ ጣት ደም የማንም ቢሆን ይጠቁራል።

ለእትዬስ ሐኪሙ አልነገራቸውም? ይዣቸው የሄድኩት እኔ ነኝ። ለምርመራ ከረጢት ውስጥ አስተነፈሳቸው። ጨጓራዎ ውስጥ ባክቴሪያ አለ፣ የቆየ ይመስላል፣ የማይፈጭልዎትም በሱ ሊሆን ይችላል አላቸው። ኪኒን ጻፈላቸው። ከዚያ ስለ ሰገራቸው ጠየቃቸው። ጥቁር ነው ሲሉት እስክሪብቶውን አስቀመጠ። እኔ ያ አቀማመጥ አላማረኝም። ውስጥ ደም እየፈሰሰ ሊሆን ይችላል፣ በጉሮሮ ካሜራ አስገብቼ ማየት አለብኝ፣ ቀን የሚሰጥ ነገር አይደለም አለ።

ሄዱ? አልሄዱም። ኪኒኑንም መሀል ላይ ተዉት። ለምን ስላቸው፦ "አንቺ ዳሶል፣ አፌን ብረት ብረት አለኝ። ጨው መቅመስ ካቃተኝ ምኑን ወጥ ሠሪ ሆንኩት?"

እዚህ ቤት አንድም ሰው ተሳስተዋል አላላቸውም። እንዲያውም ወጡ ሲጣፍጥ ደስ አላችሁ።

እትዬ፣ የሽርጥዎ ማሰሪያ ድሮ ለቋጠሮ አይበቃም ነበር። ዛሬ ዞሮ ሆድዎ ላይ ነው የሚታሰረው። ሁላችሁም አይታችኋል። ሸንቀጥ አሉ ብላችሁ ትስቃላችሁ። ሰው ሳይፈልግ ሲከሳ ምኑ ያስቃል? ጋሼ፣ መሬት መሬት አይዩ። የእርስዎ ወንድም ቀብር ላይም ሰው ሁሉ "ሆዴን አመመኝ ይል ነበር እኮ" ሲል ሰምቻለሁ።

በቃ፣ ልመርቃችሁ። ባሕሩ ዓሣ አይንሳችሁ። ጋሼ፣ ቤትዎ እንግዳ አይጣ፣ ቁጣዎን ለሚተካኝ ሰው ይቀንሱለት። ሚሱክ፣ ሆድሽ እንዲህ እንደ ወፍጮ ይኑር። ሁላችሁንም ጤና ይስጣችሁ።

እትዬ፣ ክሊኒኩ አሁን ክፍት ነው። ድስቱን ጋሼ ያማስሉት። ጨው ቢበዛበት ሰው ውሃ ይጠጣል እንጂ አይሞትም። ሽርጡን ፈተው ይሂዱ። ከአውቶቡስ እደውላለሁ፣ እንደማያነሱም አውቃለሁ። ደህና ነኝ የሚል ወሬ አልፈልግም። ካሜራው ለመቼ እንደተቀጠረ ይንገሩኝ። መልሰው ይደውሉልኝ፣ ዛሬውኑ፣ ሳይጨልም።