ያለ ልክ የምትበላው መኪና

መኪናቸው ከራንቹዌሎ መገንጠያ ድልድይ ሥር ለሦስተኛ ጊዜ አስላ ቀጥ ስትል፣ አናክሌቶ እጃቸውን ከመሪው ሳያነሡ ተቀመጡ። ዕለቱ ረቡዕ ነበር። ባለቤታቸው ኔሬይዳ ሳንታ ክላራ ከተማ ሆስፒታል ኩላሊታቸውን ታጥበው እየተመለሱ፣ ክንዳቸው በፋሻ እንደተጠቀለለ ኋላ ወንበር ላይ ጋደም ብለዋል። ሐኪም ያዘዘላቸው በሳምንት ሦስት ቀን ነበር፤ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ። የሰፈራቸው ስኳር ፋብሪካ ከተዘጋ ወዲህ ግን፣ ስምንት ወር ሙሉ፣ ዓርብን ይዘሉታል። አናክሌቶ በሳምንት ተሰልፈው የሚያገኙት ሃያ አምስት ሊትር ቤንዚን ከሁለት ጉዞ አያልፍም። የኔሬይዳ እግር በየሳምንቱ መጨረሻ ያብጣል፤ ባልየው እያዩ እንዳላዩ ይሆናሉ።

ድልድዩ ሥር ሊፍት ከሚጠብቁት ሰዎች መካከል ቦርሳ ያነገተች ወጣት ተነጥላ መጣች። ዳያሚ ትባላለች፤ ሳንታ ክላራ በቴክኒክ ትምህርት ቤት ሞተር ታስተምራለች። ሰላምታ ሰጥታ፣ ከጭስ ማውጫው ጫፍ ላይ ጥላሸቱን በጣቷ ጠረግ አድርጋ አሸተተችው።

«አባባ፣ ቤንዚን በዝቶባት ነው የምትታፈነው» አለች።

አናክሌቶ ሳቁ፤ ደስታ ግን አልነበረበትም። «በዝቶባት? ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ቆሜ የማመጣው ቤንዚን? ልጄ፣ የተበላሸው ቤንዚኑ ነው። ጥቁር ጭስ የጠገበ ሞተር ምልክት ነው። ሞተር እንደ ሰው ነው፤ ካልበላ አይሠራም።»

ይህን ያስተማራቸው ታናሽ ወንድማቸው ፌርሚን ነበር። ፌርሚን መካኒክ ነበር፤ ከአሮጌ ብረት ሞተር የሚያስነሣ ሰው። ከሦስት ዓመት በፊት ሲሞት አናክሌቶ በሬሳው ላይ ቆመው፣ እሱ የነካውን ካርቡሬተር፣ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ዕቃ፣ የሌላ ሰው መፍቻ እንደማይነካው ማሉ። ለሟች የገቡት ቃል ይከበራል፤ ደግም ነው። ሟች ግን ቤንዚን ማደያ አይሰለፍም፤ ይህን ማሰብ የቋሚ ፈንታ ነው።

ይህንኑ ሲነግሯት ዳያሚ ካርቡሬተሩን እንደማትነካ ቃል ገብታ ኮፈኑን አስከፈተች። እሳት ከሚረጩት ካንዴላዎች አንዷን ፈትታ ስታሳያቸው እንደ ከሰል ጠቁራ ረጥባለች፤ ቡናማና ደረቅ መሆን እንደነበረባት ነገረቻቸው። ዘይቱንም አሸተተችው። ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። አናክሌቶ ግን ካንዴላዋ አሮጌ ናት፣ ዘይቱም አሮጌ ነው እያሉ ለሁሉም መልስ አላጡም። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባላል፤ ሽማግሌው ግን ከሥሩ መድረሱን ፈርተውታል።

«እሺ፣ ያስነሷት» አለች።

መኪናዋ እየተንቀጠቀጠች ተነሣች። ዳያሚ የዝናብ መጥረጊያውን የምታንቀሳቅሰውን ቀጭን የጎማ ቱቦ ከሞተሩ ነቀለቻት። አየር በቀዳዳው እየተሳበ ሲገባ ሞተሩ ሳሉን ትቶ ቀጥ ብሎ ዞረ። ቀዳዳውን በጣቷ ስትደፍነው እንደገና ተንቀጠቀጠ። ሦስት ጊዜ ደጋገመችው።

«የጨመርኩላት አየር ነው አባባ፤ ቤንዚን አይደለም። ርቧት ቢሆን ኖሮ አየር ስጨምርባት ትጠፋ ነበር። እርስዎ ግን ሰምተዋታል።»

አናክሌቶ ሰምተዋል። የሰው ጆሮ ለወንድም ሲል አይደነቁርም። ግን ተቆጡ። «ካርቡሬተሩ አይከፈትም አልኩሽ! ብትሰብሪውስ? ሰኞ ይህቺን ሴት ማን ሊያደርሳት ነው፤ ትምህርት ቤትሽ?»

ወጣቷ ግን ወንድምዬው መኪናዋን ምን ያጠጧት እንደነበር ጠየቀቻቸው። የፋብሪካውን የሸንኮራ አልኮል ከቤንዚን ጋር ግማሽ በግማሽ እየቀላቀለ እንደነበር፣ ፋብሪካው እስኪዘጋም እሳቸው በዚያው እንደቀጠሉ ነገሯት። ቤንዚን በጠፋበት ዘመን ሰፈሩ ሁሉ ያደረገው ይህንኑ ነው።

«እንግዲያው ወንድምዎ አልተሳሳቱም» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «አልኮል ብዙ ካልገባ ሞተር አያዞርም፤ ስለዚህ የካርቡሬተሩን ነዳጅ ማሳለፊያ ቀዳዳ አስፍተውታል። እኔም ብሆን እንደዚያው አደርግ ነበር። አልኮሉ ሲቀር ቀዳዳው መልሶ መጥበብ ነበረበት። የሚያጠበው ሰው ግን አልነበረም።»

ሽማግሌው መኪናዋን ተደገፉ። ያን ጊዜ ኔሬይዳ ከኋላ ወንበር ተናገሩ።

«አናክሌቶ፣ ለእኔ በቀን ስንት ብርጭቆ ውኃ ነው የተፈቀደልኝ?»

«ሁለት።»

«ጠማኝ ብዬ ስለምንህ ትጨምርልኛለህ?»

«አልጨምርም።»

«ለምን?»

«ያሰጥምሻላ» አሉ አናክሌቶ።

«እንግዲህ ለእሷም ለካላት።»

መፍቻውን ከመሣሪያ ሳጥኑ ያወጡት አናክሌቶ ራሳቸው ናቸው። ዳያሚ ካርቡሬተሩን ከፍታ፣ ከአሮጌ የኤሌክትሪክ ገመድ አንድ ቀጭን የመዳብ ክር መዝዛ፣ ፌርሚን ባሰፋው ቀዳዳ ውስጥ አስገብታ አጠፈችው። ለጊዜው ያጠበዋል፤ ሰኞ ሳንታ ክላራ ሲመጡ በትምህርት ቤቱ ወርክሾፕ በደንብ እንደምትሠራላቸው ነገረቻቸው። ካንዴላዎቹንም ጠረገችላቸው። መኪናዋ ስትነሣ ከኋላዋ የወጣ ጭስ አልነበረም። አናክሌቶ ግን ደስ አላላቸውም። እስከ ቤታቸው ድረስ የዘለሉትን ዓርብ ይቆጥሩ ነበር።

ያች ሃያ አምስት ሊትር ከቀጣዩ ሳምንት ጀምሮ ሦስቱንም ጉዞ ቻለች። ዘይቱ ቤንዚን መሽተቱን ተወ፣ ካንዴላዎቹ መጥቆራቸው ቀረ፣ ኔሬይዳም ኋላ ወንበር ላይ በጭስ መታፈናቸው ቀረላቸው። አንድም ዓርብ አልጎደለባቸውም። ነገር ግን ስምንት ወር ልብን ያደከመ ውኃ በአንድ ክር ሽቦ አይመለስም። ኔሬይዳ በማንጎ ወቅት፣ መንገድ ላይ ሳይሆን በአልጋቸው ላይ፣ አረፉ።

አናክሌቶ ዛሬም ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ሳንታ ክላራ ይመላለሳሉ፤ ኋላ ወንበር ላይ ሁለት የሰፈር በሽተኞች ይቀመጣሉ። በቤንዚን ሰልፍ ላይ ጭስ የምትተፋ መኪና ባዩ ቁጥር ባለቤቱን ኮፈን ያስከፍቱታል፤ ካንዴላ ያስፈቱታል፤ ስለ አየሩና ስለ ቀዳዳው ልክ እንደ ዳያሚ አድርገው ያስረዱታል። አንድ ቀን አንድ ጎረምሳ፣ መኪናዋን እንዲህ ያበላሸው ወንድምዎ ነዋ፣ አላቸው።

«ወንድሜ በዘመኑ ልክ ሠራ» አሉት። «ሠላሳ አራት ዓርብ ዘለልን። የእነሱ ዕዳ የእኔ ነው።»