የጋሽ ጎሳዬ የመመለሻ መስመር

ሳይደግስ አይጣላም እንዲሉ፣ ከጅማ የተሳፈርንበት ሚኒባስ ሰርቦ ላይ ጎማው ባይተነፍስ ኖሮ ይህን ክርክር ባልሰማሁ ነበር። ተከራካሪዎቹ የጅማው የቦሳ ኪቶ ሰፈር ጡረተኛ ጋሽ ጎሳዬና ከአዲስ አበባ የመጣችው የኮምፒውተር ባለሙያ ሩሐማ ናቸው። ቤታቸው ሄዳ አጥታቸው ስትመለስ እዚሁ መኪና ላይ አገኘቻቸው።

ጋሽ ጎሳዬ በወጣትነታቸው ለአንድ መሥሪያ ቤት ሜይንፍሬም፣ ለትልቁ ኮምፒውተር፣ የሠራተኞችን የአገልግሎት ዘመን የሚያሰላ ፕሮግራም ለማሽኑ ቅርብ በሆነው ቋንቋ በአሴምብለር ጽፈዋል። የቀረው አንድ የወረቀት ቅጂ በፌስታል ተጠቅልሎ ብብታቸው ሥር ነው፤ ሩሐማም የመጣችው ለእሱ ነው።

«ጋሼ፣ እስከ ሰኞ ካልተስተካከለ ፕሮግራምዎ ይጣላል» አለች። «የእርስዎ ፕሮግራም የመረጃን ቦታ በሃያ አራት ቢት አጭር አድራሻ ያነባል፤ አዲሶቹ ፕሮግራሞች ደግሞ በሠላሳ አንድ ቢት ረጅሙን።»

«ታዲያ አዲሶቹ ለሥራ ሲጠሩት ወደ ሃያ አራት ቀይረው ይጥሩት። የኔው ሲጨርስ ወደ መጣበት ይመለሳል። አርባ ዓመት የሠራ ነገር አይነካካም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆንብሽ።»

«ወደ ቦታው ይመለሳል፤ አነባበቡን ግን አይመልስም። ጠሪው ፕሮግራም በአጭሩ ማንበብ ላይ ይቀርና ሩቅ ያስቀመጠውን የራሱን መረጃ ያጣዋል። የምለምንዎ አንዲት መስመር ናት።»

«አንዲትም አትነኪም።»

እኔም በልቤ ለሽማግሌው ወገንኩ፤ ዕድሜ ለጠገበ ነገር ማዘን ልማዴ ነው።

ጋሽ ጎሳዬ ክርክሩ ሲሰለቻቸው መንገድ ዳር ሙዝ ወደሚሸጠው ወደ ገመቹ ዞረው በኦሮምኛ ጨዋታ ያዙ። ስለ ዝናቡና ስለ ቡናው አበባ ጠየቁት፤ ሙዝም ገዙ። ከዚያ አንዱን ለሩሐማ ዘርግተው፣ «አቲ ሆ፣ ኒ ኛታ?» አሏት። አንቺስ፣ ትበያለሽ? ማለታቸው ነው። እሷ ሙዙን ሳትቀበል አየቻቸው።

«ምነው ዘጋሽኝ?»

«ጋሼ፣ እኔ ኦሮምኛ አልችልም።»

«በኦሮምኛ ነው እንዴ የጠየቅሁሽ?»

«አዎ። ወደ ገመቹ ሲሄዱ ቋንቋ ቀየሩ፤ ሲመለሱ ግን መቀየሩን ረሱት። ፊትዎ ወደ እኔ ዞሯል፣ ቋንቋዎ እዚያው ቀርቷል። ፕሮግራምዎም የሚያደርገው ይህንኑ ነው።»

ሽማግሌው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ፤ ገመቹም ነገሩ ሳይገባው አብሯቸው ሳቀ። ፌስታሉን ፈተው የመጨረሻውን ገጽ ገለጡ። «ወደ መጣህበት ተመለስ» የምትለውን መስመር በእርሳስ ሰርዘው፣ «ወደ መጣህበት ተመለስ፤ የጠሪህንም አነባበብ መልስ» የምትለውን ትእዛዝ በገዛ እጃቸው ተኩ።

«አርባ ዓመት ያልተሳሳተው የሚጠሩት ሁሉ የሱን ቋንቋ ስለሚናገሩ ነው ለካ» አሉ፣ ትንሽ ቅር እያላቸው።

እኔም አፈርኩ። በአንዲት መስመር አሮጌው ከመጣል ዳነ፤ አዲሶቹም ረጅሙን አድራሻቸውን ሳያጡ ያገለግላቸዋል። ማሻሻል ሁሉ ማፍረስ የሚመስለን ሰዎች፣ የደከምንበትን ነገር የምንቀብረው እኛው መሆናችንን ልብ አላልንም።

ጎማው ተቀየረና ተሳፈርን። ጋሽ ጎሳዬ በመስኮቱ ለገመቹ፣ «ገለቶሚ» ብለው አመሰገኑት። ወረቀቱን ከነፌስታሉ ሩሐማ ጭን ላይ አኖሩ፤ ሙዙንም ዘረጉላት። አፋቸውን ከፈቱና ቆም አሉ፤ ትንሽ አሰቡ።

«ብዪ እንጂ፣ ልጄ» አሏት፣ በአማርኛ።