ዳሞታ ድረስ የመጣው ለቀስተኛ

ባለቤቴ ከሞተች ወዲህ ቤታችን የመጣ ለቀስተኛ ሁሉ የአምስት ዓመት ሴት ልጄን አቅፎ ያለቅስባታል። ልጅቷ በር ሲንኳኳ አልጋ ሥር መግባት ጀመረች። ስለዚህ በዓል ዓርብ ውሎ ከቅዳሜና እሑድ ጋር መገጣጠሙን ሳይ ሦስቱንም ቀን ዳሞታ ተራራ ላይ ልንውል አቀድኩ፤ ዓርብ እስከ ምንጩ፣ ቅዳሜ እስከ ጫካው፣ እሑድ እስከ ጫፉ። ማታ ማታ ቤታችን እንገባለን።

ከቦዲቲ የመጣችው አክስቴ ዓርብ ጠዋት ዳቦ ስቋጥር አየችኝ።

"ለቀብር ያልደረሰ ሰው የሚመጣው በበዓል ነው። ቤት ዘግተህ ሽርሽር? ሰው ምን ይላል?"

"ያሻውን ይበል። ማልቀስ የፈለገ ተራራው ላይ ይምጣ።"

"ልብህ ደንድኗል፣ ልጄ።"

"አዎ፣ ደንድኗል።"

ምንጩ አጠገብ ዳቦ ስንበላ የባለቤቴ አጎት ከዘራቸውን ተደግፈው ብቅ አሉ። ከሁምቦ መጥተው ቤት ሲያጡን፣ አክስቴ ተናዳ "ዳሞታ ናቸው፤ ለቅሶውም እዚያ ሆኗል" ብላቸዋለች። ልጄ ከጀርባዬ ተደበቀች። እኔም ለጠብ ተዘጋጅቼ ተነሳሁ። ሽማግሌው ግን ድንጋይ ላይ ዘፍ ብለው ቁና ቁና ተነፈሱ፤ ለማልቀስ ትንፋሽ አልተረፋቸውም። ልጄ ቀስ ብላ ወጣችና የውሃ ኮዳዋን ሰጠቻቸው፤ ነገም እንደምንወጣ ነገረቻቸው። ጠጥተው አፋቸውን ጠረጉና ዳገቱን ቀና ብለው አዩ።

"ነገስ በየት በኩል ነው?" አሉ።

እኔ ሳልመልስ ልጄ "በጫካው" አለቻቸው።

ማታ ለአክስቴ ነገም ቤቱ ዝግ እንደሚውል ነገርኳት። ዳቦውን ለሦስት ሰው ቋጠርኩ።