በግቢው የቀሩት ሠላሳ አራቱ

ዩኒቨርሲቲው በወረርሽኙ ምክንያት በተዘጋ በሁለተኛው ሳምንት፣ በችኮላ ስወጣ ቤተ መጻሕፍት የረሳሁትን መነጽር ላመጣ ጠዋት ወደ ግቢው ሄድኩ። በዚያ ቤተ መጻሕፍት ሃያ ሁለት ዓመት አገልግያለሁ፤ ግቢው እንደዚያ ቀን ጭር ብሎ ግን አይቼው አላውቅም። የአገሬው ተማሪዎች በሦስት ቀን ውስጥ ሻንጣቸውን እየጎተቱ ወደየቤታቸው ሄደዋል። አውሮፕላን ቆሞ፣ ድንበር ተዘግቶ መሄጃ ያጡት ሠላሳ አራት የውጭ አገር ተማሪዎች ብቻ በአንድ ባለ አራት ፎቅ ማደሪያ ውስጥ ቀርተዋል።

በማደሪያው ደጃፍ ሳልፍ ሁለት ሰዎች ተራርቀው ቆመው ሲከራከሩ አገኘሁ። አንደኛው የማደሪያዎቹ ኃላፊ ናቸው። ተማሪዎች «አባ መዝጊያ» ይሏቸዋል፤ እያንዳንዱን በር ገፋ አድርገው መዘጋቱን ሳያረጋግጡ ከሥራ ስለማይወጡ ነው። በሥራቸው ሐቀኛ፣ በቃላቸው ጽኑ፣ በፈገግታ በኩል ግን ቆጠብ ያሉ ሰው ናቸው። ሌላዋ በዩኒቨርሲቲው ክሊኒክ ከተቀጠረች ዓመት ያልሞላት ነርስ ናት። የእህታቸው ልጅ ስትሆን፣ ያሳደጓትም ያስተማሯትም እሳቸው ናቸው።

አባ መዝጊያ በሩ ላይ ማስታወቂያ ለጥፈው ጠርዙን በመዳፋቸው እየተጫኑ ነበር። መነጽር ስላልያዝኩ ነርሷ ጮክ ብላ አነበበችልኝ። «ማእድ ቤቱ ከነገ ጀምሮ ይዘጋል። ከክፍል ወደ ክፍል መሄድ ክልክል ነው። ሳል ወይም ትኩሳት የታየበት ተማሪ ማደሪያውን ለቆ ይወጣል።»

«ጋሼ፣» አለች ወደ አጎቷ ዞራ፣ «እስቲ ይቺን ሦስተኛዋን ያስረዱኝ። ለቆ የት ነው የሚሄደው?»

«እሱ የእኔ ጉዳይ አይደለም። ወላጅ አላቸው፣ ኤምባሲ አላቸው። ለእኔ የተሰጠኝ ቁልፍ ነው፤ ቁልፌን እጠብቃለሁ።»

«ወላጆቻቸው ያሉት ባሕር ማዶ ነው። ኤምባሲውም ስልክ አያነሳም። ትናንት ከአንዷ ልጅ ጋር ቁጭ ብለን አሥራ አንድ ጊዜ ደውለናል።»

«ታዲያ እኔ ጨካኝ ሆኜ ነው ልጄ? አራት ጥበቃና ሁለት የጽዳት ሠራተኞች አሉኝ፤ ሁሉም የልጆች ወላጆች ናቸው። አንድ የታመመ ሁሉንም ቢያስይዝስ? ደግሞ በሽታው ከውጭ ነው የመጣው ይባላል።»

«እነዚህ ልጆች ከመጡ ሁለትና ሦስት ዓመታቸው ነው። ቢይዛቸውም እንደ እኛው እዚሁ ነው የሚይዛቸው። ለጥበቃዎቹ ማሰብዎ ደግ ነው። ግን የታመመ ይወጣል ብለው ሲለጥፉ፣ የታመመው ልጅ ምን የሚያደርግ ይመስልዎታል?»

«ይናገራላ!»

«ይደብቃል እንጂ! እኔም ብሆን እደብቃለሁ። ጥበቃዎቹን የሚያስይዛቸው ደግሞ የተደበቀው በሽታ ነው። ምድር ቤት ያሉትን ሁለት ባዶ ክፍሎች ይስጡኝ፤ ያመመውን ለብቻው አስተኛለሁ። ማእድ ቤቱም ተራ ይውጣለትና ክፍት ይሁን፤ ምግብ ቤቱ ሁሉ ተዘግቶ የት ሄደው ይብሉ? ደግሞ በየቀኑ እያንዳንዱን በስሙ ጠርቶ እንዴት አደርክ የሚል ሰው ያስፈልጋል።»

«ጥሩ ነው! ሠላሳ አራት ሰው እንዴት አደርክ እያልኩ ልዋል?»

«የማያውቁት አገር ውስጥ ብቻዎን ታመው ቢሆን፣ ይህችን ቃል ይጠሏት ነበር?»

አባ መዝጊያ ወደ እኔ ዞሩ። «እስቲ አንተ ፍረድ። ስንት መጽሐፍ ስታገላብጥ የኖርክ የተማርክ ሰው ነህ።»

እዚህ ላይ አንባቢዬ እንዲታዘበኝ እፈልጋለሁ። ልጅቱ ልክ መሆኗን አውቄ ነበር። ነገር ግን ሰውየው የሃያ ዓመት ባልደረባዬ ናቸው፤ ባሳደጓት ልጅ ፊት ላሳፍራቸው አልደፈርኩም። እውነቱን ልናገርና፣ ቶሎ ቤቴ ልግባ ብዬም ቸኩያለሁ። «ሁለታችሁም እውነት አላችሁ፤ ከአስተዳደሩ ደብዳቤ እስኪመጣ ቢጠበቅ ይሻላል» አልኩ። ነርሷ ዓይን ዓይኔን አየችኝና ወደ ክሊኒኳ ሄደች። እኔም መነጽሬን ይዤ ተመለስኩ።

በሦስተኛው ፎቅ የድልድይ ሥራ የሚያጠና አንድ ተማሪ ነበር። ቀጭን፣ ገና ሳይናገር የሚስቅ ልጅ ነው። ቋንቋችንን ከሰው አፍ ለቃቅሞ ስለተማረ፣ ወንዱንም ሴቱንም «አንቺ» ነበር የሚለው። እኔን «አባባ፣ ደህና ነሽ?» ሲለኝ ንባብ ክፍሉ በሙሉ በሳቅ ያውካካ ነበር፤ እሱም አብሮ ይስቃል። ማስታወቂያው በተለጠፈ በሦስተኛው ቀን ይህ ልጅ ማሳል ጀመረ።

የሆነውን በኋላ ጎረቤቱ የሆነች ተማሪ ነገረችን። ሳሉ እንዳይሰማ ትራሱን አፉ ላይ ይዞ ነበር የሚያስለው፤ በግድግዳው በኩል ታፍኖ ይሰማት ነበር። በሩን ስታንኳኳ «እያጠናሁ ነው» ይላታል። ማእድ ቤቱ ተዘግቷልና ሻይ እንኳ አፍልታ ልትሰጠው አልቻለች። ማሳል በጀመረ በአምስተኛው ቀን መልስ ስታጣ እየሮጠች ወርዳ ጥበቃዎቹን ጠራች። ነርሷ ስትደርስ ልጁ መተንፈስ አቅቶት ነበር። ሆስፒታል ሁለት ቀን ቆይቶ ሞተ።

ዕቃውን የሰበሰቡት አባ መዝጊያ ናቸው። ጠረጴዛው ላይ ከእኔ ቤተ መጻሕፍት የተዋሰው መዝገበ ቃላት ተዘርግቶ ነበር። አጠገቡ ባለው ወረቀት ላይ ማስታወቂያውን አንድ በአንድ ወደ ራሱ ቋንቋ መልሶ ጽፎታል፤ ከሦስተኛው መስመር ሥር ሁለት ጊዜ አስምሮበታል።

በማግስቱ አባ መዝጊያ እኔን በስልክ አስጠርተው፣ ነርሷንም ይዘው ክሊኒኩ በረንዳ ላይ ተቀመጡ። በአሥር ቀን ውስጥ ያረጁ መሰሉኝ።

«ዕቃውን ሳስር ስልኩ ጮኸ» አሉ። «አነሳሁት። እናትየዋ ናት። ገና አልተነገራትም። ቋንቋዋ አይገባኝም፤ ግን የልጇን ስም እየደጋገመች ትጠራለች፣ መጨረሻውን ከፍ አድርጋ… እየጠየቀች ነው። ምን እንደምላት አጣሁ። ‹አለሁ፣ አለሁ› አልኳት። የእኔ መኖር ለእሷ ምኗ ነው?»

«አይዞዎት፣ እግዚአብሔር ያመጣው ነገር ነው» አልኩ ላጽናናቸው።

«እግዚአብሔር ማስታወቂያ አልለጠፈም» አለች ነርሷ፣ ወደ እኔ እያየች። ድምጿ ቁጣ አልነበረበትም፤ ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር።

አጎቷ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልክ ናት። በር ስጠብቅ ሰው ጠበቅሁ ብዬ ነበር። ልጄ፣ ያን ቀን ያልሽኝን እስቲ ድገሚልኝ፤ ያኔ አልሰማሁሽም።»

«ጋሼ፣ መጀመሪያ ማስታወቂያውን ያንሱት።»

«ዛሬ ጠዋት ቀድጄዋለሁ። ግን ጥበቃዎቹን ምን ልበላቸው? አሁንማ ይብስ ፈርተዋል።»

«እኔ አነጋግራቸዋለሁ። ጭምብልና ጓንት እሰጣቸዋለሁ፤ የታመመ ክፍል አይገቡም። ታማሚው በመጀመሪያው ቀን ከተናገረና ለብቻው ከተኛ ለሁሉም ይበጃል። ለመናገር ግን እንደማይባረር ማመን አለበት። እንዲያምን ደግሞ አስቀድሞ የሚያውቀው ሰው ያስፈልገዋል።»

«ሠላሳ ሦስቱን ብቻዬን አልችላቸውም።»

«ብቻዎን ማን አለዎት? በየቤቱ ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ ሠራተኛ ሞልቷል። ለእያንዳንዱ ቤተሰብ ሁለት ሁለት፣ ሦስት ሦስት ተማሪ ይድረሰውና በየቀኑ ይደውልላቸው። ቋንቋችንን በደንብ ያልያዙትን ከተማሪዎቹ መካከል የሚያስተረጉሙላቸው አሉ። የመኖሪያ ፈቃዳቸው ጊዜው እያለቀ ነው፤ ለዚያ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው እንፈልጋለን። ፈተናም እንዲራዘምላቸው መምህራኑን የሚለምን።»

«ደብዳቤውንም ልመናውንም ለእኔ ተዉት» አልኩ። ያን ጊዜስ መናገር አላቃተኝም።

ማእድ ቤቱ በዚያው ቀን ተከፈተ። አሥራ ሁለት የሠራተኛ ቤተሰቦች የተማሪዎቹን ስም ተካፈሉ። አባ መዝጊያ ከሁሉ የበለጠ፣ ስድስት ወሰዱ፤ ጠዋት ጠዋት ወንበራቸውን ስልኩ አጠገብ ስበው «እንዴት አደርክ? ምን በላሽ?» ሲሉ መስማት ለሚያውቃቸው ሁሉ ጉድ ነበር። እኔ መጽሐፍ በካርቶን እያደረግሁ ተማሪዎቹ ደጃፍ አደርስ ጀመር፤ የመኖሪያ ፈቃዳቸውም ተራዘመ።

በቀጣዮቹ ሁለት ወራት ሰባት ተማሪዎች ታመሙ። ሰባቱም ባመማቸው ቀን ራሳቸው ተናገሩ። ምድር ቤት ተኝተው፣ ታክመው ዳኑ፤ ከጥበቃዎቹና ከጽዳት ሠራተኞቹ አንድም ሰው አልተያዘም። ትምህርቴን ልተው ብላ ሻንጣዋን አስራ የነበረች ልጅ ቆይታ ተመረቀች። ጥቅሙ ለእነሱ ብቻም አልነበረም፤ ሒሳብ አልገባ ብሏት የምታለቅሰውን የአንዱን ጥበቃ ልጅ፣ አንድ የውጭ ተማሪ በስልክ እያስጠና አሳለፋት። እንግዳን መርዳት ሸክም ነው የሚል ካለ ወደ እኛ ግቢ ይምጣና ይጠይቅ። ይህን ሁሉ የምናደርግበት ክፍል፣ ስልክ፣ ጊዜም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በእጃችን ነበር። የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው።

ድንበር ተከፍቶ አዲስ ተማሪዎች ከገቡ በኋላ የልጁ እናት መጣች። አጠር ያለች፣ ረጋ ያለች ሴት ናት። አንድ የአገሯ ተማሪ እያስተረጎመላት፣ አባ መዝጊያን ፊት ለፊት ጠየቀቻቸው።

«ልጄ ሲታመም አጠገቡ ማን ነበር?»

ሰውየው ሊዋሹ ይችሉ ነበር፤ ለእሷም እረፍት በሆነላት። «ማንም አልነበረም፣ እመቤቴ» አሉ። «ጥፋቱ የእኔ ነው። የታመመ ይውጣ ብዬ ለጥፌ ነበር፤ ፈርቶ ደበቀኝ።»

 ሴትዮዋ አሁን በልጇ ክፍል ማን እንደሚኖር ጠየቀች። ከሌላ አገር የመጣች የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነበረች፤ ተጠርታ መጣች። እናትየዋ የልጅቱን እጅ ይዛ «ብትታመሚ የሚያውቅልሽ ሰው አለ?» አለቻት።

ልጅቱ ወደ አባ መዝጊያ አመለከተች። «እሳቸው በየጠዋቱ ይደውሉልኛል። አንድ ቀን ካላነሳሁ ደረጃውን ወጥተው ይመጣሉ።»

እናትየዋ ወደ ሽማግሌው ዞራ አንድ አጭር ቃል ተናገረች። አስተርጓሚው «ዕድሜ ይስጥዎት እያለች ነው» አላቸው። አባ መዝጊያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መልሰው አለቀሱ።

እኔ በሩ አጠገብ ቆሜ ነበር። ያን ቀን ጠዋት «ፍረድ» ተብዬ እውነቱን እያወቅሁ መዋጤን ልነግራት አፌን ከፈትኩ፤ ከዚያም ዘጋሁት። አባ መዝጊያ የሆኑትን ያህል ሰው መሆን አቃተኝ። ዕቃውን ተቀብላ፣ እኔንም አመስግና ሄደች። ለእሷ ያልነገርኳትን ነው እዚህ የጻፍኩት።